ሁለተኛውን መድኃኒት ያስቆሙት ዶክተር ኔድያልካ ፓሩሼቫ

ዶክተር ኔድያልካ ዮርዳኖቫ ፓሩሼቫ ከአባታቸው ከአቶ ዮርዳን ገንቼቭ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጾና ማርቼቫ፣ ከሩሴ ከተማ በስተምሥራቅ በዳኑብ ወንዝ ዳር ባለች መንደር እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 10 ቀን 1938 ተወለዱ። ዕለቱ እሑድ ስለ ነበር በአገሩ ቋንቋ የእሑድ ልጅ የሚያሰኘው ስማቸው ከዕለቱ ወጣ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ሲሆኑ ከእርሳቸው ቀጥሎ እህታቸው ወይዘሮ ስታንካ ተወልደዋል። ይህን ታሪክ ያሰናዳችውም የወይዘሮ ስታንካ ልጅ ካሊና ናት።

አቶ ዮርዳን ወንዙ ማሳውን ሲያጥለቀልቅ ውሃ የሚስቡትን የመንደሩን ፓምፖች የሚጠግኑ፣ እጃቸው የተባረከ፣ አንገታቸው ግን የማይታጠፍ ሰው ነበሩ። በ1950 ከብቱ ሁሉ ወደ ኅብረት እርሻው ይግባ ሲባል ሁለት በሬዎቻቸውን አልሰጥም ብለው ሦስት ወር ታሰሩ። በሬዎቹ ተወሰዱ፤ ሰውየው ተፈቱ፤ ፋይላቸው ግን ተከፍቶ ቀረ። ዶክተር ኔድያልካ በሕይወታቸው በረገጡት መሥሪያ ቤት ሁሉ ያ ፋይል ቀድሟቸው ይደርስ ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደራቸው፣ ሁለተኛ ደረጃውን አክስታቸው ዘንድ ተቀምጠው በሩሴ ከተማ ተምረው በ1956 በከፍተኛ ማዕረግ ጨረሱ። ሕክምና ለማጥናት ሲያመለክቱ ፋይሉ መለሳቸው። በዚያው ዓመት በከተማው ወደሚገኝ የታሸጉ ምግቦች ፋብሪካ ገብተው ያበጡ የቲማቲም ቆርቆሮዎችን እየከፈቱ ውስጣቸው የበቀለውን ጀርም በመስተዋት ሳህን ላይ እያሳደጉ ይመረምሩ ጀመር። ጀርምን መፍራት ሳይሆን ማወቅ የተማሩት እዚያ ነው። የዕድሜ ልክ ወዳጃቸውን ወይዘሮ ጊና ቭላዴቫንም ያገኙት እዚያው ነው። ወይዘሮ ጊና በመጀመሪያው ቀን ያበጠ ቆርቆሮ አንሥተው ሰጧቸውና፣ «ቀስ ብለሽ ክፈቺው፤ እኔን ባለፈው ሳምንት የቲማቲም ሙሽራ አድርጎኛል» እንዳሏቸው ሁለቱም እስከ እርጅናቸው እየሳቁ ያወሩት ነበር።

የፋብሪካው ኃላፊ በጻፉላቸው የድጋፍ ደብዳቤ በ1959 ሶፊያ ሕክምና ትምህርት ቤት ገቡ። በ1965 ተመርቀው መንግሥት ወደ መደባቸው አንዲት የተራራ ከተማ ሄዱ፤ በዚያም ለሥራ መጥተው ከነበሩት የመርከብ ንድፍ ሠራተኛ ከአቶ ቬሊን ፓሩሼቭ ጋር ተዋውቀው በ1966 ጋብቻቸውን ፈጸሙ። በ1967 ወንድ ልጃቸውን ያሰንን፣ በ1970 ሴት ልጃቸውን ስቪለናን ወለዱ። በመካከሉ በ1968 ወደ ሩሴ ተመልሰው በከተማው ትልቅ ሆስፒታል የባክቴሪያ ላቦራቶሪ ሐኪም ሆኑ። ወይዘሮ ጊናንም ከፋብሪካው አስመጥተው ከጎናቸው አቆሙ።

እውነቱን ለመናገር ዶክተር ኔድያልካ ለስላሳ ሰው አልነበሩም። ላቦራቶሪ ውስጥ የሚያፏጭ ሰው ያስወጡ ነበር። ሳህን ላይ የተጻፈ ስም በትክክል ካልተነበበ ሳህኑን እንደ ገና ያሠሩ ነበር። ቤት ውስጥ ወጥ የሚሠሩት አቶ ቬሊን ነበሩ፤ ምክንያቱን የጠየቃቸው ሲኖር፣ «እሷ ያበሰለችውን ከመብላቴ በፊት ምን እንደ በቀለበት ትነግረኛለች» ይሉ ነበር።

ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1986 ማክሰኞ ጠዋት በከተማው ዳር በነበረ አንድ የቀለም መቀመሚያ ውስጥ የቀለም ማቅጠኛ ፈሳሽ በርሜል በእሳት ተያይዞ ፈነዳ። አሥራ ዘጠኝ ሠራተኞች ተቃጠሉ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ጋዜጣ አልጻፈውም፣ ሬዲዮ አልተናገረውም፤ ከተማው ግን በአንድ ቀን ሰማ። አምስቱ በሦስት ቀን ውስጥ ከቃጠሎው ጽናት የተነሣ ዐረፉ። አሥራ አራቱ በቀዶ ሕክምና ክፍሉ ኃላፊ በዶክተር ዘሃሪ ኮንስታሎቭ እጅ ቀሩ።

በሁለተኛው ሳምንት ፋሻዎቹ ወደ አረንጓዴ ተለወጡ። ውጭ በረዶ እየጣለ ክፍሉ በሰኔ እንደሚያብበው የሊፓ ዛፍ ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸት ጀመር። ያን ሽታ ያወቀ ሰው ሳህን ሳይከፍት ጀርሙን በስሙ ይጠራዋል፤ የተቃጠለ ገላ የሚወድ፣ ሥጋ የሚያሟሟ መርዝ የሚረጭ፣ መድኃኒትን በቶሎ የሚለማመድ ጀርም ነው። ዶክተር ኔድያልካ ከየቁስሉ ናሙና ወስደው በሳህን ላይ ዘሩ፤ መድኃኒት የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶችም መመሪያው እንደሚያዘው አራርቀው አስቀመጡበት። ፒፐራሲሊን በተባለው መድኃኒት ዙሪያ ጀርሙ ሞቶ ሰፊ፣ ንጹሕ ክብ ታየ። «ይህ መድኃኒት ይገድለዋል» ብለው ጽፈው ፈረሙ።

ዶክተር ኮንስታሎቭም መድኃኒቱን አስጀመሩ። አንድ ከሚሆን ሁለት ይሻላል ብለውም ሴፎክሲቲን የሚባል ሁለተኛ መድኃኒት ከውጭ አገር በልዩ ትእዛዝ አስመጥተው ጨመሩበት። ሁለቱ በአንድነት በተሰጡ በስድስት ቀን ውስጥ ሦስት ሴቶች ሞቱ።

ፌብሩዋሪ 28 ቀን አርብ ዕለት ዶክተር ኔድያልካ ወደ ክፍሉ ኃላፊ ቢሮ ተጠሩ። ከዶክተር ኮንስታሎቭ ጎን የገዢው ፓርቲ ተጠሪ እግራቸውን አነባብረው ተቀምጠው ነበር።

ዶክተር ኮንስታሎቭ የምርመራ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ በተኑ። «ዶክተር ፓሩሼቫ፣ የእርስዎ ወረቀት ይገድለዋል ይላል። የኔ በሽተኞች ግን እየሞቱ ነው። ማንን ልመን?»

«ሁለቱንም» አሉ ዶክተር ኔድያልካ።

«ሁለቱንም ማመን አይቻልም! ሳህኖችዎ ቆሽሸው ነው፤ ወይም ናሙና አደባልቀዋል። ሐሙስ ከሶፊያ አጣሪዎች ይመጣሉ። በዚያ ቀን አንድ ሰው ይጠየቃል፤ ያ ሰው እኔ አይደለሁም።»

ተጠሪው በዝግታ ጣልቃ ገቡ። «ስሕተት መሥራትዎን አምነው ቢፈርሙ ነገሩ ቀላል ነው። አባትዎ በሬ አልሰጥም ያሉ ሰው ነበሩ አይደል? እናንተ ቤት እንቢታ በዘር ነው እንዴ የሚወረሰው?»

ዶክተር ኔድያልካ ስለ አባታቸው ሲነሣ ፊታቸው ደም ይለብስ ነበር። ያን ቀን ግን ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ለቅመው ወጡ። የሚያስፈራቸው ፋይሉ እንዳልነበረ ኋላ ለልጃቸው ነግረዋታል። «ሰውየው ትክክል ቢሆንስ? ሦስቱን ሴቶች የገደለው የኔ ፊርማ ቢሆንስ? ደረጃውን ስወርድ ሳስብ የነበረው ይህን ብቻ ነው» ብለዋታል።

በማግስቱ፣ ማርች 1፣ ወይዘሮ ጊና የፀደይ መግቢያ ተብሎ በዕለቱ ክንድ ላይ የሚታሰረውን ቀይና ነጭ ክር ይዘው መጡ። ዶክተር ኔድያልካን ግን የሦስቱን ሟቾች ሳህኖች በረድፍ ደርድረው ቆመው አገኟቸው።

«ክንድሽን ስጪኝ» አሉ ወይዘሮ ጊና፤ ክሩንም እያሰሩላቸው፣ «የድሮ ቆርቆሯችን ይሻል ነበር፤ ሲበላሽ ቢያንስ ያብጣል» አሏቸው።

«ጊና፣ ወረቀቶቹን ሳህን ላይ ስታስቀምጪ ምን ያህል ታራርቂያቸዋለሽ?»

«ሦስት ሳንቲሜትር ነዋ። መመሪያው የሚለውን።»

«ለምን?»

«አንዱ ያንዱን እንዳይነካ።»

«በሽተኛዋ ደም ውስጥስ?»

ወይዘሮ ጊና ክሩን ቋጭተው ወደ ሳህኖቹ ዞሩ። ኋላም ቀስ ብለው፣ «እዚያ መመሪያ የለም» አሉ።

በዚያች ሰዓት ሁለቱም ሥራ ጀመሩ። ከሟቾቹና በሕይወት ካሉት ከአሥራ አንዱም የተገኘውን ጀርም እንደ ገና ዘርተው፣ ፒፐራሲሊኑንና ሁለተኛውን መድኃኒት ጎን ለጎን አስጠግተው አስቀመጡ። ማሞቂያው ውስጥ ከተው እስኪበቅል ከመጠበቅ በቀር የሚደረግ አልነበረም። አቶ ቬሊን የዓሣ ሾርባ በድስት ይዘው መጡ፤ ሾርባው ሳይነካ ቀዘቀዘ።

እሑድ ጠዋት ሳህኖቹ ተከፈቱ። በፒፐራሲሊኑ ዙሪያ ሊታይ የሚገባው ሙሉ ክብ በአንድ ጎኑ ተገምጧል። የተገመጠው ወደ ሁለተኛው መድኃኒት በሚያየው በኩል ነው፤ እዚያ ጀርሙ እስከ ወረቀቱ ጥግ ድረስ ለምለም ሆኖ በቅሏል። በአንዱ ብቻ አይደለም፤ በአሥራ አራቱም ሳህን ላይ እንዲሁ ነበር። ሁለተኛው መድኃኒት ጀርሙን አልገደለውም፤ ቀሰቀሰው። የተቀሰቀሰው ጀርም ደግሞ ሊገድለው የሚችለውን የመጀመሪያውን መድኃኒት እየቆራረጠ ይጥል ነበር።

ዶክተር ኔድያልካ ሦስት ሳህን ይዘው ወደ ክፍሉ ሮጡ። ዶክተር ኮንስታሎቭ በመተላለፊያው ላይ አገኟቸው፤ ሳህኖቹን በመስኮቱ ብርሃን አገላብጠው አዩ፤ ፊታቸው ግራጫ ሆነ፤ ወዲያው ግን ተቆጡ። ከቁጣቸውም የተነሣ አንቱታውን ረሱት።

«ከሚሞት ሰው ላይ መድኃኒት ንቀል ነው የምትይኝ?»

«አዎ። ሁለተኛውን ብቻ። ከሁሉም ላይ፣ አሁኑኑ።»

«ይህን ለማምጣት እስከ ሚኒስትሩ ደውያለሁ! በአውሮፕላን ነው የመጣው!»

«በአውሮፕላን መጣ ብሎ ጀርሙ አያከብረውም።»

ነርሶቹ አቀርቅረው ቆሙ። ዶክተር ኮንስታሎቭ ሳህኖቹን መልሰው እየሰጧቸው፣ «እሺ። አንድ ሰው ላይ ሞክሪ። አራተኛው አልጋ ላይ። እሷ ከሞተች ግን አጣሪዎቹ ፊት ብቻሽን ነው የምትቆሚው» አሉ።

አራተኛው አልጋ ላይ የተኛችው የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበረች። ፋይሏ አኔታ ይላታል። ባለፈው ዓመት ክረምት በአገሩ የሚኖሩት ቱርኮች ስም ሁሉ በመንግሥት ትእዛዝ ወደ አገሬው ስም ሲለወጥ የተሰጣት ስም ነው። ዶክተር ኔድያልካ የመጀመሪያውን ናሙና ሲወስዱ ስሟን ጠይቀዋት፣ በተሰነጠቀ ከንፈሯ «አይሰል» ብላቸው ነበር፤ ሳህኑ ላይም የሰሙትን ጻፉ። አሁን ዶክተር ኮንስታሎቭ ከአሥራ አንዱ መካከል እሷን ለምን እንደ መረጡ ለመረዳት ጊዜ አልወሰደባቸውም። እሷ ብትሞት አቤት ቢሉላት የሚሰማ አልነበረም።

ነርሷን «ገና አትንኪው» ብለው የአይሰልን እናት ወይዘሮ ሃቲጄን ፍለጋ ወጡ። ወይዘሮ ሃቲጄ ልጃቸው ከተቃጠለችበት ቀን ጀምሮ በመተላለፊያው ጫፍ ባለው አግዳሚ ላይ ነበሩ። ዶክተር ኔድያልካ አጠገባቸው ተቀምጠው ሳህኑን አሳዩአቸው፤ ያወቁትንም ያላወቁትንም ነገሯቸው።

ወይዘሮ ሃቲጄ የተገመጠውን ክብ አይተው፣ «ከሁሉ ልጄን የመረጧት ቱርክ ስለ ሆነች ነው አይደል?» አሉ።

«አዎ። ይመስለኛል።»

«አንቺስ?»

«እኔ ከሁሉም ላይ ይነሣ ነው ያልኩት። እሳቸው አንድ ብቻ ፈቀዱ።»

«ልጅሽ ብትሆንስ ኖሮ?»

«እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን አስቆመው ነበር።»

ወይዘሮ ሃቲጄ ወደ ሳህኑ ጎንበስ አሉ። «አሁንም እኮ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ እህቴ» አሉ። ከዚያም የራሳቸውን እጅ በላዩ አደረጉበት። «እንግዲያው አስቁሚው። ግን ከአጠገቧ እንዳትሄጂ።»

በዚያው ዕለት ሁለተኛው መድኃኒት ቆመ። የአይሰል ትኩሳት አርባ ነበር። ሰኞ ማታም አርባ ነበር። ማክሰኞ ቃዠች፤ ወንድሟን እየጠራች እሳት እንዲያጠፋ ለመነችው። ዶክተር ኔድያልካ በየሁለት ሰዓቱ ከላቦራቶሪው እየወጡ ፋሻዋን ያያሉ፤ ያሸቱታል፤ ወደ ሳህኖቻቸው ይመለሳሉ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ዶክተር ኮንስታሎቭ የተነቀለውን መድኃኒት በመርፌ ሞልተው መጡ።

«በቃ። ሞክረሻል። ልጅቷ እየሄደች ነው።»

ዶክተር ኔድያልካ በአልጋውና በሰውየው መካከል ቆሙ። «ያንን መርፌ ከሰጧት መሄዷ እርግጥ ነው። እስከ ሐሙስ ጠዋት ይታገሡኝ።»

«ሐሙስ አጣሪዎቹ ይመጣሉ!»

«ይምጡ። እኔም እዚሁ ነኝ።»

ዶክተር ኮንስታሎቭ መርፌውን ከአልጋው አጠገብ ባለው ትሪ ላይ ጥለው ወጡ። ረቡዕ ጠዋት ትኩሳቱ ወደ ሠላሳ ዘጠኝ ወረደ፤ ነርሶቹ ተያዩ። ከቀትር በኋላ ግን ተመልሶ አርባ ገባ። ያን ጊዜ ዶክተር ኔድያልካ ወደ ላቦራቶሪው ገብተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ሲያለቅሱ ወይዘሮ ጊና በሩን ዘግተው ጠበቁላቸው፤ በሠላሳ ዓመት ወዳጅነት ሲያለቅሱ ያዩአቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሐሙስ ማለዳ ነርሷ ትኩሳቱን ለካች፤ ሠላሳ ሰባት ከዘጠኝ። አላመነችም፤ ደግማ ለካች። ፋሻው ሲፈታ ያ የሊፓ ሽታ ሳስቷል፤ ከአረንጓዴው ሥር ቀይ፣ ጤነኛ ሥጋ ብቅ ብሏል። አይሰል ዓይኗን ገልጣ በውሃ የቀጠነ እርጎ ጠየቀች። ወይዘሮ ሃቲጄ ከመተላለፊያው ሰምተው፣ «ጨው አድርጉበት፤ ያለ ጨው አትወድም!» ብለው ጮኹ።

ዶክተር ኮንስታሎቭ አልጋው ግርጌ ቆመው የትኩሳቱን መዝገብ አነበቡ። አጣሪዎቹ በር ላይ እንደ ደረሱ ሲነገራቸው ወደ ነርሶቹ ዞረው፣ «ሁለተኛውን መድኃኒት ከሁሉም ላይ አንሡ» አሉ። ከአሥራ አንዱ ሁለቱ ቃጠሎው ስለ በረታባቸው አልተረፉም። ዘጠኙ ግን በእግራቸው ሄደው ከሆስፒታሉ ወጡ።

የአጣሪው ሪፖርት ውጤቱ በክፍሉ የጋራ ጥረት የተገኘ ነው አለ፤ የማንንም ስም አልጠራም። ነገር ግን ከአጣሪዎቹ አንዱ ላቦራቶሪውን ሲጎበኙ አንድ ሳህን አንሥተው፣ «አይሰል ማን ናት? በዚህ ሆስፒታል እንዲህ የምትባል በሽተኛ የለችም» አሉ።

ዶክተር ኔድያልካ፣ «አራተኛው አልጋ ላይ ናት። ሄደው ይጠይቋት» ብለው መለሱላቸው።

ኋላ በተጠራው የሆስፒታሉ ስብሰባ ላይ የተከለከለ ስም በመንግሥት ዕቃ ላይ መጻፍ ተብሎ ከባድ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። ዶክተር ኮንስታሎቭ ጠረጴዛውን እያዩ ዝም አሉ። ዶክተር ኔድያልካ በኤፕሪል ወር ከሆስፒታሉ ተነሥተው ወደ መጠጥ ውሃ መመርመሪያ ጣቢያ ተዛወሩ፤ በዚያም አራት ዓመት የቧንቧ ውሃ ሲመረምሩ ቆዩ። ወይዘሮ ጊና ተዛውሬ እከተላለሁ ብለው ቢጠይቁ ተከለከሉ።

በ1989 በጋ ብዙ ሺህ ቱርኮች ጓዛቸውን በመኪና ጣሪያ ላይ ጭነው ወደ ቱርክ ድንበር ሲሻገሩ፣ ወይዘሮ ሃቲጄና አይሰልም ከእነርሱ መካከል ነበሩ። በመንገዳቸው በውሃ ጣቢያው በር ቆመው ዶክተር ኔድያልካን አስጠሯቸው። ወይዘሮ ሃቲጄ፣ «ያቺን አልጋ ከመረጡልን ሰዎች አገር እየሄድን ነው። አንቺን ግን ሳልሳለም ብሄድ እንቅልፍ አይወስደኝም» አሉና አቀፏቸው። አይሰል በቃጠሎው ጠባሳ ምክንያት አንገቷን ሙሉ ማዞር አትችልም ነበር፤ መኪናው ሲሄድ መላ ሰውነቷን ዞራ እጇን ስታውለበልብ ታየች።

ዶክተር ኔድያልካ ሥርዓቱ ከተለወጠ በኋላ በ1990 ወደ ላቦራቶሪያቸው ተመለሱ። በተከታዩ ዓመት ጡረታ የወጡት ዶክተር ኮንስታሎቭ፣ የአሥራ ዘጠኙን ሰዎች የሕክምና መዝገብ በብብታቸው ይዘው አንድ ቀን ብቅ አሉ።

«ያስፈልጉሻል። በየሰዓቱ የሰጠሁት ሁሉ አለበት» አሉ። ከዚያ ኮፍያቸውን በእጃቸው እያዞሩ፣ «ሦስቱ ሴቶች በኔ እጅ ነው የሞቱት» አሉ።

«በኔ ፊርማ ነው» አሉ ዶክተር ኔድያልካ።

«አንቺ የጻፍሽው እውነት ነበር።»

«እውነት ነበር፤ ግማሽ ጥያቄ ጠይቄ ያገኘሁት እውነት።»

ሁለቱ ሰዎች ከዚያ ቀን በኋላ ዶክተር ኮንስታሎቭ እስኪሞቱ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ በወንዙ ዳር አብረው ይሄዱ ነበር።

በእነዚያ መዝገቦች ተመሥርተው የጀመሩት ጥናት የቀረ ዕድሜያቸውን ያዘው። ባክቴሪያ አንዲት ሕዋስ ብቻ ብትሆንም ያላትን ሁሉ ባንድ ጊዜ አታወጣም፤ የትኛው ዘረ መል መቼ እንደሚሠራ የሚወስኑ ተቆጣጣሪ ፕሮቲኖች በውስጧ አሉ። ያ ሁለተኛው መድኃኒት የባክቴሪያዋን ግድግዳ ሲያናጋ የግድግዳው ፍርፋሪ ወደ ውስጥ ይከማቻል፤ አንዱ ተቆጣጣሪ ፕሮቲን ፍርፋሪው ሲደርሰው መድኃኒት የሚቆራርጠውን ኢንዛይም የሚያስመርተውን ዘረ መል ይከፍታል። ዶክተር ኔድያልካ ይህን ፕሮቲን አሥራ አንድ ዓመት ተከታተሉት። ይኸው ፕሮቲን በመርዙ ላይም እጅ እንዳለው በሌሎች አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ሲያረጋግጡ ዜናውን የሰሙት ጡረታ ወጥተው ነው። ጽሑፉን ካነበቡ በኋላ ለወይዘሮ ጊና ስልክ ደውለው፣ «መርዙንም መድኃኒት መልመዱንም የሚያዘው አንድ ሰው ነው ብዬሽ አልነበር?» ሲሉ፣ ወይዘሮ ጊና፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ፕሮቲን ሰው የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? ምስር እያረረብኝ ነው» ብለው ዘጉባቸው።

ከእጃቸው ሥር ሃያ ስድስት የላቦራቶሪ ሐኪሞች ወጥተዋል። ሁሉም ፈርተዋቸው ነበር፤ ሁሉም ዛሬ ስለ እርሳቸው መጥተዋል። በ2003 ጡረታ ወጡ። ባለቤታቸው አቶ ቬሊን በ2009 ዐርፈዋል።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ልባቸው ደከመ፤ እግራቸው ያብጥ፣ ትንፋሻቸው ያጥር ጀመር። ወይዘሮ ጊና በሰማንያ አራት ዓመታቸው በየቀኑ ሦስት ፎቅ እየወጡ ካርታ ሲያጫውቷቸው ቆዩ። በሴፕቴምበር መጨረሻ ሆስፒታል ሲገቡም መምጣታቸውን አላቋረጡም። አንድ ቀን ዶክተር ኔድያልካ፣ «አንቺ ታጭበረብሪያለሽ» ሲሏቸው፣ «አንቺ ጀርም ስታዪ ነው የኖርሽው፤ ካርታ አይታይሽም» ብለው መለሱላቸው። ሁለቱም ነርሷ እስክትቆጣቸው ሳቁ። ዶክተር ኔድያልካ ኦክቶበር 17 ቀን 2023 ማክሰኞ ጠዋት፣ ሴት ልጃቸው እጃቸውን እንደ ያዘች፣ በተወለዱ በሰማንያ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ከኋላቸው ወንድ ልጃቸውን አቶ ያሰንን፣ ሴት ልጃቸውን ወይዘሮ ስቪለናን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ እህታቸውን ወይዘሮ ስታንካን ከነልጆቻቸው፣ ወዳጃቸውንም ወይዘሮ ጊናን ትተዋል።

ቤተሰቡ አንድ ነገር ለመንገር አደራ አለበት። ዶክተር ኔድያልካ ቤተ ክርስቲያን አዘውትረው የሚሳለሙ ሰው አልነበሩም። ከማረፋቸው ሦስት ሳምንት በፊት ግን ስቪለናን አስጠርተው እንዲህ አሏት፦ «ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ከዐቢይ ጾም በፊት በምትውለው የሙታን ቅዳሜ ንፍሮ እየቀቀልኩ የእነዚያን የሦስት ሴቶች ስም ሳስጠራ ኖሬአለሁ። ለአባታችሁም አልነገርኩም። የሚያስጠራላቸው ዘመድ ቢኖራቸውም፣ እኔም ልጠራቸው ይገባኝ ነበር። ከእንግዲህ የኔ ስም ሲጠራ እነሱ ይቅደሙ።»

ስለዚህ ካህኑ ዛሬ አራት ስም ያነሣሉ፤ ከቀብር መልስ የሚቀርበውም ንፍሮ ለአራት ሰው ነው። ለዶብሪና፣ ለትረንዳፊላ፣ ለያና፣ ለኔድያልካም፣ እግዚአብሔር ሁላቸውንም አቅፎ ይቀበላቸው፤ አፈሩን ገለባ ያድርግላቸው።